አስጨፋሪዋ ዝም ባለችበት ዓመት

ዲላ የገባሁት በጥቅምት ነው። የእህቴ ባል ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ሥራ አግኝቶ ከደብረ ብርሃን ወደዚያ ከተዛወሩ ጥቂት ጊዜ ሆኗቸው ነበር። እኔም እነሱ ዘንድ እየኖርኩ ከከተማው ዳር ባለች ትንሽ ኮሌጅ እንድማር ቤተሰብ መከረና ላከኝ። ይዤ የመጣሁት አንድ ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስና እህቴን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያሳቀቃትን ድምፄን ነበር።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠራ ያሳደገን ሰው ነው። ጉሮሮውን ለእኔ አወረሰኝ። ሰላም ስል የተጣላሁ ይመስላል፤ ስስቅ ጎረቤት ምን ሆኑ ብሎ ይወጣል። ደብረ ብርሃን ለምደውኝ ነበር። ዲላ ግን እህቴ የተከራየችው ቤት ከአከራዮቹ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚዋሰን ስለሆነ፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር መዳፏን ወደ መሬት ዝቅ ዝቅ እያደረገች "ቀስ በይ፣ ሰው አለ" ትለኛለች። ቀስ ማለት ለመድኩ። ቤት የለመድኩትን ይዤ ክፍል ውስጥም ቀስ አልኩ። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ የተናገርኩት ቢሰበሰብ ከሰላምታ አያልፍም ነበር።

ከኮሌጁ በር ላይ፣ ሸራ ወጥራ ሻይና ፓስቲ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ዕድሜዋ ከእናቴ ትንሽ ይበልጣል፤ ተማሪው ሁሉ "እማ" ይላታል። አንገቷ ላይ ነጭ ሻሽ ትጠመጥማለች። አንድም ቀን ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። ስኳር ስንት ማንኪያ እንደሚፈለግ በጣቷ ትጠይቃለች፤ ሲያስቋት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል እንጂ ድምፅ አይወጣትም። በአገሬ ልማድ "ሻይ ይስጡኝ" ስላት ጣቷን ወዲያና ወዲህ እያወዛወዘች ከለከለችኝ። እዚያ እንደሷ ያለችውን እናት አንቺ ነው የሚሏት፤ አንቱታዬ የሚያርቃት መስሎ ተሰማት መሰለኝ። "አንቺ" ለማለት አፌ እስኪፈታ ብዙ ተንተባተብኩ። ከተወለደች ጀምሮ መናገር የማትችል ነበር የመሰለችኝ።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ ትምህርት ጨርሼ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ባጃጅ እጠብቃለሁ። እማ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ ከሰሏን ታራግባለች። ሙዝ የጫነ ባጃጅ ወደ ኋላ እየሄደ ቀጥታ ወደሷ መጣ። ሾፌሩ ስልክ ያወራል፤ ወደ ኋላም አያይም። አጠገቧ ሰው አልነበረም።

"ቁም!" አልኩ።

ቁም ያልኩት ባጃጁን ነው፤ የቆመው ግን መንገዱ በሙሉ ነበር። ወደ ወናጎ የሚሄደው ሚኒባስ ቆመ፣ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ልጆች ቆሙ፣ አህያ የሚነዳ ሰውዬ ከነአህያው ቆመ። ባጃጁም የእማ ማንቆርቆሪያ ሥር ደርሶ ተገታ። እኔ በገዛ ድምፄ ደንግጬ አፌን በሁለት እጄ ያዝኩ። የእህቴ "ሰው አለ" ጆሮዬ ላይ አቃጨለ።

እማ ማራገቢያዋን አስቀምጣ መንገዱን ተሻግራ መጣች። ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እጄን ከአፌ ላይ አነሳችና ጉሮሮዬን በሁለት ጣቷ ቀስ አድርጋ ነካች። ከዚያ ዞራ አጨበጨበች። ከኮሌጁ በር ከሚወጡት ተማሪዎች መካከል አንድ ረጅም ልጅ ሮጦ መጣ። ከእኛው ክፍል ነው፤ ኮቸሬ ውስጥ ሬኮ ከሚባለው የቡና አገር መጥቶ፣ ዓምና ያቋረጠውን ሊደግም፣ የቡና ለቀማው አግዶት ዘግይቶ የተመዘገበ። ኮሌጁ ሲጫወት ከበሮ የሚመታው እሱ ነው።

"አንተ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?" አለኝ።

አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው ስለሆነ አንዳንዴ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ይላል። እኔ በሱ ቋንቋ አንድ ቃል እንኳ ስለማላውቅ ለማረም የሚበቃ አፍ አልነበረኝም። ነገሩን ያስረዳኝ እሱ ነው። እማ መናገር ትችላለች። እንቅርት ነበረባትና ክረምቱ ሲወጣ ሐዋሳ ሄዳ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ሐኪሙ "እኔ ራሴ እስክፈቅድልሽ አንድ ቃል እንዳታወጪ፤ ካወጣሽ ድምፅሽ ላይመለስ ይችላል" ብሏታል። እሷ ደግሞ የኮሌጃችን አስጨፋሪ ናት። ደጋፊውን የምትመራው፣ ግጥም የምታወጣው፣ ሜዳው ዳር ቆማ የምትዘፍነው እሷ ናት። ከወናጎው ኮሌጅ ጋር የምናደርገው የእግር ኳስ ጨዋታ ደግሞ በመጪው ሳምንት ቅዳሜ ነው።

"እና እኔ ምን ላድርግ?" አልኩት።

"አንተ አፏ ትሆናለህ" አለ።

ስለዚህ ጨዋታ ትንሽ ልናገር። ዩኒቨርሲቲው ያለበት ከተማ ውስጥ እኛ ሰው የማይቆጥረን ትንሽ ኮሌጅ ነን፤ የወናጎዎቹ ደግሞ ከኛም ያንሳሉ። ዋንጫው አንድ እጀታው የወለቀ ነው። ወናጎ በሚኒባስ ወሬ ሳያልቅ የሚደረስባት ናት። ተጫዋቾቹ የአክስትና የአጎት ልጆች ናቸው፤ ገበያ ላይ ይገናኛሉ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የሚዘምሩም አሉ። ኅዳር ገብቶ ቡናው ሲቀላ ግን ዘመድነቱ ይቆማል። ከወናጎ የመጣ ሰው በራችን ላይ ሻይ ሲጠጣ "ስኳሩን ቀንሱበት" ይባላል። እማ ትቀንስበታለች፤ ሊሄድ ሲነሳ ግን አንድ ፓስቲ በወረቀት ጠቅልላ ታስይዘዋለች።

ልምምዱን የጀመርነው በማግስቱ፣ ከኮሌጁ ጀርባ እንሰቱ አጠገብ ነው። እማ ግጥሞቹን ለከበሮ መቺው ድሮ አስተምራዋለች። እሱ ቀስ ብሎ ያንጎራጉርልኛል፣ እኔ እደግማለሁ፣ እማ በዓይኗ ታርመኛለች። ቅንድቧ ከተነሳ ትክክል ነኝ፤ ከንፈሯ ከተጣመመ እንደገና። ምቱን ትከሻዬ ላይ ትመታልኛለች። ከጉሮሮዬ ስጮህ ሆዴን በመዳፏ ጫን ታደርገዋለች፤ ከዚህ አውጪው ማለቷ ነው። አንዴ ፈርቼ ድምፄን ስቀንስ መዳፏን ወደ ላይ፣ ወደ ላይ አደረገች። የምሠራውን ረስቼ ቆሜ አየኋት። በዕድሜዬ ለእኔ መዳፉን ወደ ላይ ያነሳ ሰው አልነበረም።

በጣም የተወደደው ግጥም ስለ ወናጎ በረኛ ያወጣችው ነበር፦

የወናጎ በረኛ ቅቤ ነው ወይ እጁ፣
ኳስ ስታልፍ ይሸኛታል እንደ ልብ ወዳጁ።

ሌላው በጌዴኡፋ፣ በአገሬው በጌዴኦ ቋንቋ፣ የሚዘፈን ነው። ትርጉሙን አላውቀውም፤ ቃሉን እንደ ሕፃን ድምፅ በድምፅ ሸመደድኩት። ጠላትን ማስፈራሪያ መስሎኝ ፊቴን አኮሳትሬ፣ ጣቴን እየቀሰርኩ ነበር የምዘፍነው። በዘፈንኩት ቁጥር ዙሪያችን የቆሙት ተማሪዎች ይስቃሉ። አነጋገሬ ነው ያሳቃቸው ብዬ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን ከበሮ መቺውን ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅኩት።

"'ጠጋ ጠጋ በሉ፣ እንግዳ መጥቷል፣ ቦታ ልቀቁለት' ነው" አለ። "የአቀባበል ዘፈን ነው። አንተ ግን ሰው ልትገድል ነው የምትመስለው።"

እማ መሬት ላይ ተቀምጣ በሳቅ ትንቀጠቀጣለች፤ እንባዋን በሻሿ ጫፍ ትጠርጋለች። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ዲላ ከመጣሁ እንደዚያ ስቄ አላውቅም ነበር። በሳቄ ከእንሰቱ ውስጥ ወፎች ተነሱ።

ችግር የመጣው ከስልክ ነው። አንዱ ተማሪ ስንለማመድ ቀርፆ ቴሌግራም ላይ ለቀቀው። ማታ የእህቴ ባል ፈገግ እያለ ስልኩን አሳያት። እህቴ ፈገግ አላለችም።

"እኔ እዚህ ያመጣሁሽ ለዚህ ነው?" አለችኝ።

"ትምህርቴን አላጓደልኩም።"

"ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ቆማ... ሰው ምን ይላል? አከራዮቹ ቢያዩትስ?"

"አከራዮቹ አይተውታል" አለ ባሏ። "ልጃቸው ከእሷ ጋር እዚያው ኮሌጅ ነው የምትማረው። ግጥሙን ግቢ ውስጥ ስትዘፍነው ነበር።"

እህቴ ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። በማግስቱም አላናገረችኝም። እኔ ደግሞ ልምምዱን አልተውኩም፤ ግን ሆዴ ባባ። ከእናታችን ቤት ርቄ ያለችኝ እሷ ብቻ ነበረች።

ሐሙስ ዕለት አንድ ቀጭን ሰውዬ በክንዱ ጥላ አንጠልጥሎ ከሚኒባስ ወረደና ወደ እማ ሸራ መጣ። በሩ ላይ የነበረው ሁሉ ዞሮ አየው። "እሱ ነው" አለኝ ከበሮ መቺው በሹክሹክታ። የወናጎው አስጨፋሪ፣ በሙያው ፀጉር አስተካካይ፣ እማ በየዓመቱ በግጥም የምትገጥመው ሰው ነበር። በሌላኛው እጁ በፌስታል አናናስና አቮካዶ ይዟል። ፌስታሉን እግሯ ሥር አስቀመጠና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

"ዛሬ ነው የሰማሁት" አላት። "ቀድሜ ባውቅ ሐዋሳ ድረስ እመጣ ነበር። ለምን አላሳወቅሽኝም?"

እማ ትከሻዋን ከፍ አደረገች።

"ስሚ። ዘንድሮ ስለ አንቺ አንዲት ነገር አልዘፍንም። ልጆቹንም ከልክያለሁ። የታመመ ሰው አይሰደብም።"

እማ ፊቷ ተለወጠ። ልትቀዳለት ያነሳችውን ብርጭቆ ገልብጣ ትሪው ላይ ደፋችው። ጣቷን ወደሱ፣ ከዚያ ወደ ራሷ አፍ፣ ከዚያ ወደ ብርጭቆው አመለከተች።

"ምን ትላለች?" አለ ሰውዬው።

"ካልሰደብከኝ ሻይ የለም ነው የምትለው" አለ ከበሮ መቺው።

ሰውዬው ሊስቅ ጀመረና ሳቁ መሃል ላይ ተሰበረ። ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ጉሮሮውን ጠረገና፣ ለእሷ ብቻ እንደሚነግር ሰው ቀስ ብሎ አዜመላት፦

ምነው ዲላዎቹ ፊታችሁ ከሰለ፣
ሻዩ ነው ወይ ጎሉ አንጀት ያቃጠለ።

እማ አንገቷን በእጇ ደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ሳቀች። ብርጭቆውን አቃንታ ቀዳችለት፤ ስኳሩን አልቀነሰችበትም። ከዚያ እኔን ጎተተችና ፊቱ አቆመችኝ፣ መልሺለት ብላ። የበረኛውን ግጥም ዝቅ አድርጌ ዘፈንኩ። ሰውዬው ጆሮውን አዘንብሎ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"ግጥሙ የሷ ነው" አለ። "ድምፁ ግን ሌላ ነው። ልጄ፣ የሷን ሰምተሽው ታውቂያለሽ?"

"አልሰማሁትም። እኔ ስመጣ ዝም ብላ ነበር።"

"እኔ መልስ ልሰጣት ተዘጋጅቼ ቆሜ፣ እሷን ስሰማ ግጥሜ የጠፋብኝ ጊዜ አለ።" ወደ እማ አየት አድርጎ ወዲያው ዓይኑን መለሰ። "እሷን ለመምሰል አትሞክሪ። አልሰማሻትም፣ ባትሞክሪ ይሻላል። እንደ ራስሽ አድርጊው።"

እማ ራሷን ነቀነቀች። የመሄጃው ሚኒባስ ሲመጣ እስከ መንገዱ ሸኘችው።

አርብ አመሻሽ ላይ ቤት ገብቼ ፀጉሬን እየጎነጎንኩ ሳለ እህቴ በብርጭቆ የሚተን ነገር ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። በማር የተፈላ ዝንጅብል ነበር።

"ጠጪው። ለጉሮሮ ነው" አለችኝ። "አባባ በየማለዳው ይጠጣው ነበር፤ አታስታውሺም?"

"አላስታውስም።"

"ትንሽ ነበርሽ።" ጉንጉኑን ከእጄ ወስዳ እሷ ቀጠለችው። "እኔ ሰው ይሰማሻል ብዬ ብቻ አይደለም ቀስ በይ የምልሽ" አለች ከኋላዬ። "ሌላ ክፍል ሆኜ ድምፅሽን ስሰማ እሱ ግቢ የገባ ይመስለኛል። ብድግ እላለሁ። ከዚያ አንቺ ነሽ።"

እጇን ትከሻዬ ላይ ያዝኩት። ዝንጅብሉ ያቃጥላል፤ እስከ ታች ጠጣሁት።

ቅዳሜ የወናጎዎቹ ደጋፊዎች በአይሱዙ ተጭነው፣ የቡና ለቀማው አቧራ ከልብሳቸው ሳይራገፍ እየጨፈሩ ገቡ። የእኛዎቹ አረንጓዴ ጨርቅ ቀዳደው ግንባራቸው ላይ አስረዋል። ተማሪዎች የእማን አግዳሚ ተሸክመው ሜዳው ዳር አስቀመጡላት። እኔ የለስላሳ ሳጥን ላይ ወጣሁ። ያን ሁሉ ፊት አየሁ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው እቤት የምናገርበት ድምፅ ነበር። አጠገቤ ያሉት ብቻ ሰሙኝ። ከወዲያኛው ዳር የወናጎዎቹ ዘፈን እንደ ጎርፍ መጥቶ ሸፈነኝ።

እማ ጀርባዬ ላይ መዳፏን አሳረፈች። ዓይኔን ጨፈንኩ። አባቴን አሰብኩት፤ የመጨረሻዋ መኪና ልትወጣ ስትል የዘገየውን ሰው ከሩቅ አይቶ የሚጠራበትን ጥሪ፣ ሰውዬው ሻንጣውን ይዞ እስኪሮጥ ድረስ። እንደዚያ አድርጌ ጠራሁ። ከበሮው ተከተለኝ፣ ከዚያ ሕዝቡ ተከተለኝ። በረኛቸው ዞር ብሎ ወደኛ አየና ራሱ ሳቀ።

ቀድመን አገባን። እነሱ አቻ አደረጉ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲቃረብ ደግሞ ደገሙን። የኛ ሰው ዝም አለ፤ አንዳንዱ መቀመጥ ጀመረ። ወደ እማ ስዞር ከአግዳሚው ተነስታለች፤ አንገቷ ተወጥሯል፣ አፏ ተከፍቷል፣ ልትጮህ ነው። ከሳጥኑ ዘልዬ አፏን በእጄ ከደንኩት። ዓይን ለዓይን ተያየን። ትንፋሿ መዳፌን ያሞቀዋል። ከዚያ ቀስ ብላ እጄን ይዛ አወረደችውና ትከሻዬ ላይ መምታት ጀመረች። የጌዴኡፋውን ዘፈን ምት ነበር።

በዚህ ሰዓት እየተሸነፍን የእንግዳ አቀባበል እንዘፍናለን? ብዬ አየኋት። መታችኝ፤ አውጪው ማለቷ ነው። አወጣሁት፣ በዚህ ጊዜ ፊቴን ሳላኮሳትር። የኛዎቹ ተቀበሉ። ትንሽ ቆይቶ ከወዲያኛው ዳርም ተቀበሉ፤ ዘፈኑ የእነሱም ነዋ። ዳኛው ፊሽካውን ሲነፋ ሁለቱም ዳር ጠጋ ጠጋ በሉ እያለ ነበር። ሁለት ለአንድ ተሸነፍን። የወናጎው አስጨፋሪ ሜዳውን አቋርጦ መጥቶ እማን ጉንጯን ሳማት፤ ለእኔም ባርኔጣውን አነሳልኝ። እህቴን ከበሩ አጠገብ አገኘኋት፤ ከባሏ ጋር ቆማ ነበር። መቼ እንደመጣች አልጠየቅኳትም።

ሐኪሙ እንድትናገር የፈቀደላት የገና በዓል ካለፈ በኋላ ነው። ጠዋት በሩ ላይ ስደርስ ከበሮ መቺው አጠገቧ ቆሟል። እማ ሻዬን ሰጠችኝና "ሁለተኛዋን ዘፈን አፍጥነሻታል" አለችኝ። ድምፅዋ የሻከረ፣ የቀጠነ፣ ከሩቅ የሚመጣ ነበር። ከበሮ መቺው ፊቱን አዞረ። እሱ የድሮውን ያውቀዋል፤ እኔ ግን የማወዳድረው ስላልነበረኝ፣ ያ ድምፅ ለእኔ ሙሉ ነበር። "ሁለተኛ አላፈጥናትም" አልኳት።

ከፍ ያለው ድምፅዋ አልተመለሰም። ሐኪሙም ከዚህ በላይ አትጠብቂ አላት። እንዳዘነች አውቃለሁ፤ አንድ ሰሞን ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከመዘምራኑ ርቃ ከኋላ ትቀመጥ ነበር። ሜዳ ላይ ግን ሥራችንን ተካፈልን፤ ግጥሙን እሷ ታወጣለች፣ እኔ እጠራለሁ። እስክመረቅ እንዲሁ ሆነ፤ አንዱን ዓመት አሸንፈናል፣ ሌላውን አቻ ወጥተናል።

አሁን ከዲላ ራቅ ብላ ደጋው ላይ ባለች፣ ባንኮ ጎቲቲ በምትባል ቀበሌ አስተምራለሁ። እህቴና ባሏ ሥራቸው ወደ ሌላ ከተማ ወስዷቸዋል፤ እኔ ግን ኅዳር ሲመጣ ለጨዋታው ሰሞን ዲላ ወርጄ እማ ቤት አድራለሁ። ዘንድሮም ወረድኩ። ፓስቲዋን እየጠበሰች አዲሱን ግጥም በዚያ በሻከረ ድምፅዋ አሰማችኝ፤ ስለ መስመር ዳኛ ነው፤ ትንሽ የከረረ መሰለኝ።

"ዳኛው እኮ የከበሮ መቺው አጎት ነው" አልኳት። "ቃሉን እናለዝበው።"

"አጎቱ መሆኑን ስለማውቅ ነው ያከረርኩት" አለችኝ። "ሌላ ሰው ቢሆን ይቀየመኝ ነበር። በይ አሁን ከፍ አድርጊና አሰሚኝ።"